ጀርባው ለቆሼ

ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚሄደው ታክሲ ወፍጮ ቤቱ ጋ «ወራጅ አለ» ብሎ የወረደ ሰው፣ በግራ በኩል ባለችው ጠባብ መንገድ ጥቂት እንደገባ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያገኛል። የወይዘሮ ሸዋገነት ቤት ነው። ወይዘሮ ሸዋገነት ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲተይቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የአለቃው ማስጠንቀቂያ፣ የሾፌሩ የአበል ጥያቄ፣ ማንም የማያነበው ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም በጣታቸው አልፏል። የራሳቸውን ግን አንድ መስመር ጽፈው አያውቁም ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ጣቶቻቸው ሥራ ፈትተው ጠረጴዛውን መደብደብ ሲጀምሩ፣ የእህታቸው ልጅ ሄቨን አይታ ስልካቸው ላይ ብሎግ ከፈተችላቸው።

«ምን ልጽፍበት ነው?» አሏት።

«የፈለጉትን። ሰፈሩን ይጻፉ።»

«ሰፈሩን ማን ያነበዋል? ሰፈሩ እዚሁ አይደል እንዴ?»

ሄቨን ብዙም ሳትቆይ አግብታ ጅማ ሄደች። ብሎጉ ቀረ። በሰው ፊት ድምፃቸው የማይሰማ፣ በእድር ስብሰባ ላይ አንድም ቀን እጃቸውን አውጥተው የማያውቁ ሴት፣ እዚያ ላይ ግን ቀስ እያሉ መናገር ጀመሩ። የላስቲክ ወንበር ሲያረጅ እግሩ ለምን ወደ ውጭ እንደሚከፈት ጻፉ። የተዋሰችውን ወንፊት የረሳች ጎረቤት ሳትቀየም እንዴት እንደምትመልስ ጻፉ። ውኃ ልትመጣ ስትል ቧንቧው መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን እንደሚጠራርግ፣ ያን ጊዜ ባልዲ ይዞ መሮጥ እንደሚገባ ጻፉ። አንባቢዎቻቸው ሄቨን፣ የሄቨን ጓደኛ እና ማንነቱ የማይታወቅ አንድ ሰው ነበሩ። ይህን ሦስተኛውን ሰው ትንሽ ይፈሩት ነበር። በሰፈሩ ውስጥ ብሎግ እንዳላቸው የሚያውቅ ማንም አልነበረም። የልብ ወዳጃቸው ወይዘሮ እሙ እንኳ አያውቁም።

ከነዚያ ጽሑፎች አንዱ ስለ እድሩ ድንኳን ነው።

ከሰፈራቸው ባሻገር የከተማው ቆሻሻ የሚራገፍበት የቆሼ ኮረብታ አለ። አንድ ክረምት ላይ፣ የአንድ ጎረቤት ለቅሶ ሆኖ፣ የድንኳኑ በር በዚያ አቅጣጫ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣና ጠረኑን እየጠረገ አምጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አስገባው። ሟቹን በቅጡ የማያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አልቃሽ ሲወጣ አልቃሽ ሲገባ፣ ቤተሰቡ አባታቸው ይህን ያህል ይወደድ እንደነበር ባለማወቁ ተጸጸተ። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደግፌ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው፣ «አዙሩት! ጀርባውን ለቆሼ ስጡት!» አሉ። ድንኳኑ ዞረ፣ ለቅሶውም ወደ ልኩ ተመለሰ።

ወይዘሮ ሸዋገነት ይህን ሁሉ በዝርዝር ከጻፉ በኋላ፣ ጽሑፍ ያለ ማሳረጊያ ጥሩ አይደለም ብለው እንዲህ ጨመሩበት፦ «ስለዚህ ድንኳን ሲተከል ጀርባው ለቆሼ ይሁን። ይህ የቆየ ደንባችን ነው።» ደንቡ ያን ጊዜ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ግን «የቆየ» የሚለው ቃል እዚያ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ደስ ይል ነበር።

አንድ ቀን ሄቨን ከጅማ ደወለች።

«እትዬ፣ ቆሼ ወደየት ነው?»

«ከየት ሆኖ?»

«ከጅማ ሆኖ!»

«ምን ልትጥዪ ነው ልጄ?»

«ኧረ እትዬ፣ የአከራዬ አባት ሞተው ድንኳን ሊተከል ነው። ወንዶቹ ሁሉ ስልካቸውን ዘርግተው ግቢው ውስጥ እየዞሩ ነው። አንዱ ቆሼ በወሊሶ መንገድ ነው ይላል። ሌላው በመንገድ ሳይሆን በአየር ነው የሚለካው ይላል። አንዲት እናትማ ‹ለመሆኑ ቆሼ ገዳሙ የወንድ ነው የሴት?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አላውቅም አልኳቸው። ምን ልበል?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰው አሁን አሁን የማያውቀውን ነገር ሽማግሌ አይጠይቅም፤ ስልኩን ይጠይቃል። ስልኩ ውስጥ ያለው ኤአይ የሚሉት ነገር ደግሞ ዓለም የጻፈውን ሁሉ አንብቦ መልሱን አሳጥሮ ይሰጣል። ስለ ለቅሶ ድንኳን አተካከል ግን ዓለም ምንም አልጻፈም። ሊቃውንቱ ስለ ነገሥታቱ ድንኳን ጽፈዋል፤ ስለ እድር ድንኳን የጻፈ ሰው አንድ ነው፤ እሱም ወፍጮ ቤቱ ጋ ይወርዳል። ኤአዩ ታዲያ ያገኘውን አነሣ። ጠረኑን ጣለው። ነፋሱን ጣለው። የጋሽ ደግፌን ጋቢ ጣለው። የቀረው ይህ ነበር፦ «በኢትዮጵያ ባህል የለቅሶ ድንኳን ጀርባው ወደ ቆሼ እንዲሆን ይደረጋል። ይህ የቆየ ደንብ ለሟች ያለውን አክብሮት ያሳያል። ቆሼ በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኝ ከፍ ያለ ስፍራ ነው።» ከሥሩ በደቃቁ ፊደል ምንጩ ተጠቅሷል፤ «ተመራማሪዋ ሸዋገነት» ይላል።

ወይዘሮ ሸዋገነት ይህን ሲያዩ ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ጋለ። በዚያው ዕለት ብሎጉን ከፍተው «ይህ ለሰፈራችን ብቻ ነው» ብለው ጻፉ። መልሰው አነበቡት። ጅማ ድረስ በደረሰ ነገር ላይ ተነሥቶ «የእኛ ነው» ማለት ጉራ መሰላቸውና ደመሰሱት። ሰው የሰማውን ይረሳል፣ ስልኩም ይረሳ ይሆናል ብለው ተዉት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የወይዘሮ እሙ ባል አቶ ሀብተማርያም አረፉ። ጦር ኃይሎች ሰፈር ሰዓት እየጠገኑ የኖሩ፣ ነገር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ከወይዘሮ ሸዋገነት ቤት ፊት ለፊት፣ ከወፍጮ ቤቱ ግንብ ማዶ ነው። ወይዘሮ እሙ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት፤ ዊልቸሩን ከክፍል ክፍል፣ ከግቢ ደጅ የሚገፉት አቶ ሀብተማርያም ነበሩ።

አንድ ልጃቸው ኃይለመስቀል ከሐዋሳ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ደረሰ። አባቱን ሳይጠይቅ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበርና፣ ቢያንስ ለቅሶው አንድ ነገር እንዳይጎድልበት ቆርጦ መጥቷል። ስልኩን ከእጁ አላስቀመጠም።

የእድሩ ድንኳን ተካይ ጀላል ሸራውን መንገዱ ላይ ዘርግቶ ካስማ መምታት ሲጀምር፣ ኃይለመስቀል ስልኩን እንደ ሳህን በመዳፉ አንጋሎ መጣ።

«ወንድሜ፣ በሩን ወደየት ልታደርገው ነው?»

«ወደ ግቢው ነዋ። ወደየት ላድርገው?»

«አይሆንም። ጀርባው ለቆሼ ነው የሚሆነው።» ስልኩን አዞረ። «ቆሼ በዚህ በኩል...»

«ስልኩን ተወውና ቀና በል፤ አባ ኮዳ ወፎቹ ከቆሻሻው በላይ ሲዞሩ አይታዩህም?» አለ ጀላል። «እዚህ መንገድ ላይ ጀርባውን ለቆሼ ስሰጠው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ጀርባው በግቢያችሁ በር ላይ ይሆናል። በሩ ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ ግንብ ጋር ይሳሳማል። ሰው በየት ይገባል?»

«ባህሉ ነው።»

«እኔ እንኳ ቂብላ ፈልጌ ስሰግድ እንዲህ አልለካም፤ ወላሂ!»

ጋሽ ደግፌ ከነከዘራቸው ደረሱ። ጋሽ ደግፌ አላውቅም ማለትን የማያውቁ ሰው ናቸው። ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልክ ነው። ጥንትም እንዲህ ነው። ጎጃም አያቴ ሲሞቱ ድንኳናቸው ጀርባው ለቆሼ ነበር።»

«ጋሽ ደግፌ፣ ያኔ ቆሼ ነበረ እንዴ?» አለ ጀላል።

«ቆሼ ባይኖርም አቅጣጫው ነበረ።»

ወይዘሮ ሸዋገነት በራቸው ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ይሰማሉ። ነጠላቸውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አጣፉ። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ጋሽ ደግፌ አጠገብ ሄዱ፤ ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ቀጭን ነበር።

«ጋሽ ደግፌ፣ ይሄ እኮ... ያን ክረምት በጠረኑ ምክንያት እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ አዙሩት ያሉት?»

ጋሽ ደግፌ አሰቡ።

«ብያለሁ። አየሽ፣ ሳላውቀው ባህሉን ገጥሜዋለሁ ማለት ነው። ደም ነው!»

«አይ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ምኑን?» አለ ኃይለመስቀል።

«ይሄን። ስልኩ ላይ ያለውን።»

ኃይለመስቀል ሐዘን ላይ ያለ ሰው አሮጊት እንዳያስቀይም በሚያደርገው ፈገግታ አያቸው። «እትዬ ሸዌ፣ ይሄ እኮ በኢንተርኔት የወጣ ነው።»

«ስሜ አለበት። ሸዋገነት ይላል።»

«ተመራማሪዋ ሸዋገነት ነው የሚለው» አለ በቀስታ። «ስም ይመሳሰላል።»

ወይዘሮ ሸዋገነት ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን አውጥቶ ኃይለመስቀል አፍንጫ ሥር ያደርግለት ነበር ብለው አሰቡ። እሳቸው ግን ሌላ ሰው አልነበሩም። «ይሆናል» ብለው ተመለሱ።

ድንኳኑ ተተከለ። ጀርባው ለቆሼ፣ ፊቱ ለግንብ።

ቀብሩ ላይ የነበረው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መግቢያው ጠፋው። በድንኳኑ በርና በግንቡ መካከል የቀረችው ክፍተት አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ናት። ለቅሶ ደራሹ ተሰልፎ፣ ሆዱን ሰብስቦ፣ እየተጋፋ ገባ። ግንቡ ደግሞ የዓመታት ዱቄት የጠጣ ግንብ ስለሆነ፣ ያለፈው ሁሉ ቀኝ ትከሻው ነጭ ሆኖ ወጣ። ወፍራሙ የቤቴል ሥጋ ሻጭ አቶ ቡልቻ መሀል ላይ ተወትፈው ከወዲህ ገፊ ከወዲያ ሳቢ ሲያስፈልግ፣ ውስጥ ያሉት ልቅሶው የበረታ መስሏቸው አብረው ጮኹ። ከሰዓት በኋላ አንድ የሩቅ ዘመድ ሰው ባልተሰለፈበት ሰዓት ገብቶ ቢያይ፣ የሁሉም ትከሻ ነጭ ነው፤ የእሱ ጥቁር ነው። አፈረ። ወጥቶ ግንቡን ታክኮ ተመለሰ።

ወይዘሮ እሙ ግን ቀሩ። ዊልቸሩ በዚያች ክፍተት አይገባም።

«ተሸክመን እናስገባሽ፣ እማዬ» አለ ኃይለመስቀል።

«እኔ ሶፋ ነኝ? ለባሌ ለቅሶ እንደ ቤት ዕቃ ተጠማዝዤ ነው የምገባው?»

«እማዬ፣ ለአባዬ ክብር ብዬ እኮ ነው።»

«አባትህ በዚህ በር ነበር የሚያወጣኝ። አሁን በሩ ላይ ሸራ አለ።»

ከግቢው በር አልወጣም አሉ፤ ቤትም አልገባም አሉ። እዚያው ደፉ ላይ፣ አፍንጫቸው የድንኳኑን ጀርባ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ተቀመጡ። ለቅሶ ደራሹ ከሸራው ማዶ ነው። ባለቤቲቱ ከሸራው ወዲህ ናቸው። ወይዘሮ ሸዋገነት በርጩማ አምጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ሸዌ፣ አሁን የገባው ማን ነው?»

«ሳሉ የአሰፋ መሰለኝ። የሰዓት ቤቱ።»

«አለቀሰ?»

«እያለቀሰ ነው።»

«ምን እያለ?»

ወይዘሮ ሸዋገነት ጆሯቸውን ሸራው ላይ አደረጉ። «‹ሀብቴ የማያስነሳው ሰዓት አልነበረም› ይላል።»

ወይዘሮ እሙ ለሸራው ራሳቸውን ነቀነቁለት። እጃቸውን ዘርግተው ሸራውን ነኩት፤ ከማዶ የአንድ ሰው ጀርባ ተደግፎት ነበርና፣ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ጥቂት አሻሹት። ሰውየው ደንግጦ ሲነሣ ድምፁ ተሰማ።

ወይዘሮ ሸዋገነት ይህን ሲያዩ ስልካቸውን ከደረታቸው አወጡ። መጀመሪያ ሁሉንም ነገር ለማስረዳት አሰቡ፤ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጠረኑ፣ ጅማ ላይ ሆኖ ቆሼን መፈለግ እንደማያስፈልግ። ግን ኤአዩ የጻፉትን ዝርዝር ሁሉ ጥሎ የቱን እንዳስቀረ ትዝ አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዐሥር ጣት የተየቡ ሴት፣ በአንድ ጣት እየለቀሙ ይህን ብቻ ጻፉ፦ «ድንኳን ሲተከል በሩ ሐዘንተኛዋ ወደምትወጣበት ይዞራል። ይህ የቆየ ደንባችን ነው።»

«ምን እየነካካሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ እሙ።

«ሰው እየለመንኩ ነው።»

«ማንን?»

«እኔም አላውቀውም።»

በማግስቱ ጠዋት አንድ የእድር አባል ትከሻው ላይ ዱቄቱ ቢጎድል ነውር ይሆን እንደሆነ ኃይለመስቀልን ጠየቀው። ኃይለመስቀል አላወቀም። ስልኩን ጠየቀ። ኤአዩ ስለ ዱቄቱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ስለ ድንኳኑ ግን አዲስ ነገር ነበረው። ኃይለመስቀል አነበበው፤ ገረጣ፤ ጋሽ ደግፌንና ጀላልን ጠርቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«‹በዚህ ጉዳይ ሁለት አመለካከቶች አሉ። ተመራማሪዋ ሸዋገነት የድንኳኑ ጀርባ ወደ ቆሼ መሆን እንዳለበት ትገልጻለች። ይሁን እንጂ ሌላዋ የባህል ጸሐፊ ሸዋገነት ይህን በመቃወም፣ በሩ ሐዘንተኛዋ ወደምትወጣበት መዞር እንዳለበት ታስረዳለች። ሁለቱም የቆየ ደንብ መሆኑን ይጠቅሳሉ።›»



«እኔ ከመጀመሪያዋ ጋር ነኝ» አሉ ጋሽ ደግፌ። «ጠንካራ ሴት ናት። ቃሏን አታጥፍም።»

«ሁለተኛዋ ይሻላል» አለ ጀላል። «ድንኳን ተክላ የምታውቅ ናት። ያስታውቃል።»

«አይዋደዱም መሰለኝ» አለ ኃይለመስቀል በሐዘን። «ለአባቴ ለቅሶ እንኳ መስማማት አቃታቸው።»

ወይዘሮ ሸዋገነት የንፍሮ ሳህን ይዘው ሊያልፉ ሲሉ ጋሽ ደግፌ በከዘራቸው አስቆሟቸው።

«ነይ እስቲ፣ አንቺም ስምሽ ሸዋገነት አይደል? ከሁለቱ የትኛዋን ታምኛለሽ?»

«ሁለተኛዋን» አሉ ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ዓይናቸውን ከንፍሮው ሳያነሡ።

«ለምን?»

«የመጀመሪያዋ ስትጽፍ ወይዘሮ እሙን አላሰበቻቸውም።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ጽሑፏ ያስታውቃል።»

ኃይለመስቀል አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ወይዘሮ ሸዋገነትን አየ። የሆነ ነገር ሊገባው የጀመረ መሰለ፤ ግን ትናንት «ስም ይመሳሰላል» ያለው እሱ ስለሆነ ወደዚያ መሄድ አልፈለገም። ጋሽ ደግፌ በበኩላቸው አንዷን ምሁር ከሌላዋ አስበልጦ ማዋረድ ለእድሩ እንደማይገባ ተናገሩ። ትንሽ ተራመዱ፤ ድንኳኑን ዞሩት፤ ተመለሱ።

«ጀርባው ይፈታ» አሉ።

«ማለት?» አለ ጀላል።

«ድንኳኑ አይዞርም፤ የመጀመሪያዋ አትከፋም። ጀርባው ግን ተፈትቶ በር ይሆናል፤ ሁለተኛዋም አትከፋም።»

«ጀርባው በር ከሆነ፣ ጀርባ የሚባለው የቱ ነው?»

«እሱን እነሱ ይከራከሩበት። አንተ ገመዱን ፍታ!»

ጀላል ገመዱን ፈታ። ሸራው ወደ ሁለት ተከፍሎ ተሰበሰበ፤ በግንቡና በግቢው በር መካከል መንገዱ ወለል ብሎ ታየ። በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ድንገት ከኋላቸው ብርሃን ሲመጣባቸው ዞረው ቢያዩ፣ ወይዘሮ እሙ ደፉ ላይ ናቸው። ኃይለመስቀል ሄዶ ዊልቸሩን ያዘ። አባቱ ይገፋ የነበረውን ነገር ሲይዝ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር፤ መንኮራኩሩ የትኛው በኩል እንደሚጎትት አያውቅም፤ የግቢውን በር ሊገጭ ሲል አቀና። እናቱን እስከ ድንኳኑ መሀል ወሰደ፤ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ወይዘሮ እሙ ነጠላቸውን አስተካክለው ግራና ቀኝ ተመለከቱ። አሰፋ አለ። አቶ ቡልቻ አሉ። ጅማ ድረስ ስማቸው የተጠራውን ሴት ማንም አላወቃቸውም፤ እሳቸውም ንፍሯቸውን እያደሉ ናቸው።

«ሁላችሁም መጥታችኋል?» አሉ ወይዘሮ እሙ።

«መጥተናል፤ እግዜር ያጽናሽ።»

«ትናንት ያለቀሳችሁትን ከሸራው ማዶ ነው የሰማሁት። አላየሁም» አሉ። «ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ።»

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሽ ደግፌ ከዘራቸውን አንሥተው፣ ከመጀመሪያው ማለት ከመምጣት ነው ብለው ወደ መንገዱ ወጡ። ሌሎቹም ንፍሯቸውን አስቀምጠው ተከተሏቸው። ኃይለመስቀል አልወጣም። ዊልቸሩን እንደያዘ፣ ማንም ሳይጀምር፣ ከሐዋሳ ጀምሮ ያላለቀሰውን ማልቀስ ጀመረ።